ስድስት ሲባዛ በሁለት

ከተማችን ገበያ መሃል ዛሬም «እጥፍ!» ብሎ የሚጠራኝ ሰው አለ። ስሜ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣልኝ ነው፤ ምክንያቱም በእጄ የጻፍኳት አንዲት ገጽ ናት።

ያኔ ጎጃም ውስጥ፣ የአዲስ አበባ ባሕር ዳር አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ በሚያልፋት አነስ ያለች ከተማ ሱቅ ነበረችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሰው ሲቀመጥበት የሚያቃስት አንድ ወንበር። ቀን ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ማታ የነጋዴ ሒሳብ እሠራለሁ። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ኋላ ለሚመጣው ጉድ እንዲያዝልኝ ነው።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የአካባቢ ምርጫ ነበር፤ የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት። መጋቢት ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሱቄ ድረስ መጡ። እኔንም አስተምረውኛል። ለከተማው ምክር ቤት በግል ሊወዳደሩ ተመዝግበዋል። ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ ስለ ፓርቲ አያወሩም። ሁለት ነገር ብቻ ነው የያዙት፦ የከተማው ገንዘብ የት ይሄዳል፣ እና ሰው ከቤቱ ወጥቶ ለመመለስ ለምን ይህን ያህል ይከፍላል። ሁለተኛው በተለይ ያንገበግባቸው ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ጤና ጣቢያ ያለው ዳገት ዝናብ ከመጣ ባጃጅ በኮንትራት ካልሆነ አይወጣውም። አራስ ይዞ የሚሄድ ሰው ኮንትራት ካላለ በእግሩ ነው።

ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የከተማው የስድስት ወር ሪፖርት ነው፣ በሕዝብ ስብሰባ ላይ የታደለ።

«ወንድምዓለም፣ ይችን በአንድ ገጽ አድርግልኝ። የኔ እናት ብትሰማው እንዲገባት አድርገህ።»

እሺ አልኩ። ደስ ብሎኛል እኮ፣ ያስተማረህ ሰው ሥራ ይዞልህ ሲመጣ።

ቁጥሩን እዚህ ለውጬ ክብ አድርጌዋለሁ። የዓመቱ የገቢ ዕቅድ 8 ሚሊዮን ብር ነው በሉት። በስድስት ወር የተሰበሰበው 6 ሚሊዮን። እኔ ምን አደረግሁ? በስድስት ወር 6 ከገባ፣ በዓመት 12 ይገባል አልኩ። ዕቅዱ 8 ነው። አራት ሚሊዮን ተረፈ! ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው፣ መብራት አልጠፋም፣ ቡና ጠጥቻለሁ፣ ራሴን ዋና ኦዲተር አድርጌ ሾምኩት። ከላይ በትልቁ «አራት ሚሊዮኑ የት ሊገባ ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ከታች ደግሞ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን የሚኒባስ ታሪፍ በምክር ቤት ውሳኔ እናስቀንሳለን የሚል ጨመርኩ። ያምር ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሒሳብ አይዋሽም ጋሼ።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል።

600 ኮፒ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተበተነ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጠላ ቤት ውስጥ ገንዘቡ እየወለደ ሄዶ ማታ ላይ ሰባት ሚሊዮን ደርሶ ነበር አሉ። እኔም ሱቄ በር ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም እላለሁ። እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ የሄድኩበት ቀን የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የቅስቀሳ ስብሰባ ነበር። ሁዳዴ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጾሙን ነው፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ጋሼ ተናገሩ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ጥያቄ ካለ ተባለ።

መናኸሪያው በር ላይ ሸቀጥ የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሡ። እትዬ ነው የምላቸው። ወረቀቷን ከመቀነታቸው አወጡና ሰው እስኪሰማ ጠብቀው ጀመሩ።

«መምህር፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ብሳሳት ያርሙኝ። ይኸ ወረቀት ስድስቱን ወር አጥፎ ሁለት አድርጎታል። እኔ ግብሬን ሐምሌ ላይ ከፍዬ ደረሰኜን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጎረቤቴም ከፍሏል። ታዲያ ከጥር እስከ ሰኔ የሚገባውን ሌላውን 6 ሚሊዮን ማን ሊከፍለው ነው? ደግመን ልንከፍል ነው?»

ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ደግመን ልንከፍል ነው?» አለ። ቀጥሎ ሌላው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጉዳዩ ተገለበጠ፤ አራት ሚሊዮን ተበላ ብሎ የመጣው ሰው ሁሉ፣ እኚህ ሰውዬ ቢመረጡ ሁለት ጊዜ ግብር ሊያስከፍሉን ነው ወደሚል ዞረ።

እኔ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነበርኩ። እግሬ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም እትዬ የተናገሩት ነገር ለኔ አዲስ አልነበረም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ያኔ ትንሹ ነጋዴ፣ ደረጃ «ሐ» የሚባለው፣ በሐምሌ ወር ከፍሎ ይገላገል ነበር። መካከለኛው፣ ደረጃ «ለ»፣ በሁለት ወር ውስጥ፣ ትልቁ፣ ደረጃ «ሀ»፣ እስከ ጥቅምት 30 ይከፍል ነበር። ማለትም እስከ ታኅሣሥ ባለው ስድስት ወር ውስጥ የነጋዴው የትርፍ ግብር ከሞላ ጎደል ገብቶ አልቋል። ከጥር ወዲያ የሚመጣው በየወሩ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠውና እንዲሁ ቁርጥራጭ ነገር ነው። በዚያ ላይ ያ ስድስት ወር የሊዝ ጨረታ የወጣበት ስለነበር የቅድሚያ ክፍያው እዚያው ውስጥ ተደምሯል። ሪፖርቱ ላይ ለብቻው ተጽፎ ነበር፣ እኔ ዘለልኩት እንጂ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ ቅጽ የምሞላላቸው፣ ለሊቱን ከነሱ ጋር የማመሽ እኔ ነኝ! የማውቀውን ነገር ሱቅ ውስጥ ትቼ ማታ ቤት ኦዲተር ሆኜ ገባሁ።

ሳይቆይ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ እጁን አወጣ። እሱ ደግሞ ሁለተኛውን አንቀጽ ይዞ ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ የአገር አቋራጩ ታሪፍ ከክልል ነው ተሠርቶ የሚመጣው። በኪሎ ሜትር ነው፣ አስፋልቱ ለብቻ፣ ጠጠሩ ለብቻ። የከተማ ምክር ቤት በየት በኩል ነው የሚቀንሰው?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ከጩኸቱ ይልቅ ከፋኝ።

ጋሼ ምን ያደርጋሉ ብዬ አየሁ። ወደ ባሕር ዛፉ አልዞሩም። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ ወረቀቷን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ሰረዙባት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እውነት ነው፣ ተሳስቻለሁ። አንብቤ ስሜን ያስቀመጥኩበት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ የተስተካከለውን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ማታ ሱቅ መጡ። ይቅርታ ልል ስጀምር እጃቸውን አወዛወዙ። «ተወው እሱን። የደንበኞችህን መዝገብ አምጣ» አሉ። የማንንም ስም ሳናነሣ፣ ማን በየትኛው ወር ከፈለ የሚለውን ብቻ በወር በወር አሰፈርን። ከጥቅምት በኋላ ያለው ዓምድ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጋሼ ባዶውን ዓምድ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። አስተማሪ እያሉም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፣ ካርታ ላይ ያልሞላነውን ቦታ።

ሰኞ ጠዋት የከተማው ፋይናንስ ሠራተኛ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ገና ስገባ «ስድስትን በሁለት ያባዛኸው አንተ ነህ?» አለኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ቅጽል ስሙ እዚያው ነው የጸደቀው። ከሳቁ በኋላ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ያ 6 ሚሊዮን አንድ ኪስ አይደለም፣ ሁለት ነው። የነጋዴው ግብርና የደመወዙ ግብር የመንግሥት ገቢ በሚባለው ይያዛል። የቦታ ኪራዩ፣ ቄራው፣ ገበያው፣ የመናኸሪያው አገልግሎት፣ ሊዙ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። መንገድ ላይ ጠጠር የሚደፋው፣ ቦይ የሚቆፈረው ከሁለተኛው ኪስ ነው። እሱ ኪስ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ሳሳ ያለ ነው፣ ከውስጡም ደመወዝና የውሎ አበል ከመንገዱ ይበልጥ ይወስዱ ነበር።

«ይኸን ብትጠይቀኝ ቅዳሜ ሳይደርስ እነግርህ ነበር» አለኝ ስወጣ።

እውነቱን ነው። ቢሮው ከሱቄ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። እኔ ግን ከማዘጋጃ ቤት ሰው እውነት አይገኝም ብዬ ደምድሜ ስለነበር አንኳኩቼ እንኳ አላውቅም።

ያ ሳምንት ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የምወደው ነው። ማክሰኞ ከአንድ ባጃጅ ነጂ ጋር ግማሽ ቀን ዋልኩ። ባጃጁ የሱ አይደለም፣ ማታ ለባለቤቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ሠራም አልሠራም ያስገባል። ቤንዚን ከተማው ውስጥ ማደያ ስለሌለ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ነው የሚገዛው፣ ማደያ ካለበት ከተማ ያመጣው ሰው ትርፉን ጨምሮበት። ይኼን ሁሉ ስጽፍ ቆይቼ፣ ታዲያ የጤና ጣቢያው ዳገት ለምን እጥፍ ሆነ አልኩት። «እጥፍ» ስል ፈገግ አለ፣ ዝም ብዬ አለፍኩት።

ይዞኝ ወጣ። ዳገቱ ላይ ሦስት ቦታ ቦዩ በደለል ተደፍኖ ውኃው መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል። ጠጠሩን ጠርጎ ወስዶ ድንጋዩን አፍጥጦታል። «ጎማና ሾክ የሚበላብኝ እዚህ ነው» አለ። «ስወጣ ባዶዬን እንደምመለስ ነው የማስበው፤ ከላይ ሰው አላገኝም፣ ቢገኝም በዝናብ ማን ይወርዳል። ስለዚህ የመመለሻዬን ከሚወጣው ሰው ላይ አስከፍላለሁ። ታሪፍ ቀንሱ ብትሉኝ አልወጣም፣ አለቀ። ቦዩን ጥረጉልኝ፣ እኔ ራሴ እቀንሳለሁ።»

በዚህ ሰውዬ አፍ ውስጥ የጋሼ ቅስቀሳ በሙሉ ነበር። እኛ አራት ሚሊዮን ስንፈልግ።

ሁለተኛዋ ወረቀት «ሦስቱ ቦዮች» ትላለች። ሁለቱ ኪሶች በእናት ቋንቋ ተጽፈዋል፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ኪስ ለመንገድ ስንት እንደተያዘ አለ፣ ሦስቱን ቦይ ለመጥረግና በድንጋይ ለመገንባት አንድ ግንበኛ የነገረን ግምት አለ። የሚኒባሱ ታሪፍ ወጣ። ወረቀቷን ከመበተናችን በፊት ጋሼ እትዬ ሱቅ ወስደው አስነበቧቸው። እትዬ ሁለት ቦታ አስተካከሉ። አንዱ ቦታ እኔ «የገቢ ወቅታዊ ሥርጭት» ብዬ የጻፍኩት ነበር። «ይኸ ምንድን ነው?» አሉ፤ «ነጋዴ የሚከፍለው ክረምት ላይ ነው» ተብሎ ተጻፈ።

ጠላ ቤት ማንም አላነሣትም። የተበላ ሚሊዮን የለባትማ! ባጃጆቹ ግን መስታወታቸው ላይ ለጠፏት። አንዱ በግልባጭ ለጥፏት ነበር፣ ቢሆንም።

ጋሼ አላሸነፉም። ድምፁ ሲቆጠር እዚያው ቆመው አዩ፣ ፈርመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ የፎቶ ኮፒውን ቀሪ ሒሳብ ሊከፍሉኝ መጡ፤ የመጀመሪያዋን 600 ኮፒ አልቀበልም አልኩ፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ የወረቀቱን ብቻ ወሰድኩ። በቀጣዩ ዓመት ከሦስቱ ቦዮች አንዱ ተገነባ። ማዘጋጃ ቤቱ ድሮም ዕቅድ ውስጥ ነበር አለ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ የመምህሩ ቦይ ይሉታል። የአካባቢ ምርጫው በ2010 ይደገማል ተብሎ ሲጠበቅ ተራዘመ፤ ጋሼ ያን ጊዜም ሱቄ መጥተው ነበር፣ የታጠፈ ሪፖርት ይዘው። ከማንበቤ በፊት እስከ ስንት ወር ያለው እንደሆነ ቀኑን ፈለግሁ። አዩኝና ሳቁ።

እትዬ አሁንም ሱቃቸው እዚያው ነው። ሐምሌ ሲገባ ግብራቸውን ከፍለው ደረሰኙን ኮፒ ሊያስደርጉ ይመጣሉ፣ ዋናው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ኮፒው ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ። ዘንድሮም መጡ። ማሽኑን ስከፍት ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው አዩኝ።

«አንድ ብቻ ነው፣ አንተ ልጅ። ሁለት እንዳታደርጋት።»