የላስቲክ ቤቴን ያዳነው መስኮት ነው

የመጀመሪያውን የቲማቲም ማልሚያ የላስቲክ ቤት ስሠራ ሐሳቤ ሁሉ ውጭ ላይ ነበር። ዝናብ እንዳይገባ፣ ነፋስ እንዳይገባ፣ ተባይ እንዳይገባ። ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ቲማቲሙ አደገ፣ አበበ፤ ከዚያ አበባው ረገፈ። በሽታ መስሎኝ ለመድኃኒት ብዙ ገንዘብ አወጣሁ።

በመጨረሻ ቴርሞሜትር ገዝቼ በተክሉ ቁመት ልክ ሰቀልኩ። እኩለ ቀን ላይ 41 ዲግሪ! ቲማቲም ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲደጋገምበት የአበባው ዱቄት ይመክናል፤ ፍሬ አይዝም። ሌሊት ደግሞ የታፈነው እርጥበት ላስቲኩ ላይ ጤዛ ይሆንና ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። ግራጫ ሻጋታ የሚፈልገው ይህንን ነው። መድኃኒቱ ምን ያድርግ?

ላስቲኩን ቀድጄ ጣሪያው ጫፍ ላይ መስኮት አወጣሁ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ መውጫው እዚያ መሆን አለበት። ጎንና ጎኑንም የሚጠቀለል አደረግኩት። ክፍተቱ ሁሉ ሲደመር የወለሉን አንድ አምስተኛ ያህላል። ነጭ ዝንብ ቫይረስ ይዞ እንዳይገባ መረብ አለበስኩት። መረብ አየሩን ስለሚያዘገየው ግን መስኮቱን ሰፋ ማድረግ ግድ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ውስጥ ነፋስ የለም፣ ንብም አይገባም። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ረፋድ ላይ ተክሉ የታሰረበትን ገመድ መታ መታ እያደረግን አበባውን እናርገበግበዋለን። ያን ጊዜ ፍሬ ያዘ።

በሦስተኛው ዙር ሥሩ እንደ ዶቃ ተቋጥሮ አገኘሁት፤ ኔማቶድ ነው፤ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ሥር የሚያጠቃ ደቃቅ ትል። ያው አፈር ላይ ያንኑ ቲማቲም ደጋግሜ ነበር። የፀሐይ ሙቀት ትሉን እንዲገድልልኝ አፈሩን አጠጥቼ በሞቃቱ ወቅት 6 ሳምንት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ሸፈንኩት። ያለ ገቢ መቀመጥ ከባድ ነበር፤ ግን አስፈላጊ ነው።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የሥራው ነገር ነው። ሜዳ ላይ ሰው የሚፈለገው ለተከላና ለአጨዳ ነው። እዚህ ማሰር፣ ቀንበጥ መንቀል፣ መልቀም በየሳምንቱ አለ። አራት ጎረቤቶቼ አብረውኝ ይሠራሉ፤ ደመወዛቸው ወቅት አይጠብቅም። አንዷ ችግኝ ማፍላቱን በደንብ ስለያዘችው የራሷን ትንሽ የላስቲክ ቤት ጀመረች። ገና እንጨቱን ስታቆም ነው የጠራችኝ። «መስኮቱን በየት በኩል ላድርገው?» አለችኝ።