ከዓመታት በኋላ ወደ ቼዝ ውድድር ስመለስ

ሥራና ልጅ ማሳደግ መሃል ገቡና ለብዙ ዓመት ከውድድር ርቄ ቆየሁ። ቼዝ ስጫወት እንኳ በስልክ ነበር፣ ያውም ብሊትዝ የሚባለው የሦስት ደቂቃ ፈጣን ጨዋታ። አምና ኮምቦልቻ ላይ ውድድር መኖሩን ስሰማ ተመዘገብኩ። እንደኔ ለመመለስ የሚያስብ ካለ፣ የጠቀመኝን ልንገረው።

ብዙ ሰው የሚሰጋው መክፈቻ፣ ማለትም የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች፣ ረስቻለሁ ብሎ ነው። መክፈቻው ቶሎ ይመለሳል። የሚከብደው ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 90 ደቂቃ ተሰጥቶ በየእርምጃው 30 ሰከንድ ሲጨመር፣ አንድ ጨዋታ ሦስት ሰዓት አልፎ ሊሄድ ይችላል። ብሊትዝ የለመደ እጅ ደግሞ ሐሳብን አይጠብቅም፤ በውድድር ላይ የነካኸውን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታህ ነው።

ስለዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች ቡና ቤት፣ ከአንድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም ጨዋታ ጀመርን። ስልክ ይጠፋል፣ እያንዳንዱ እርምጃ ይጻፋል። በሐሳብ ስጠፋ «ጋሼ፣ ሰዓቱን ይምቱ እንጂ!» ይለኛል። ድሮ እርምጃችንን አስቀድመን ጽፈን ነበር የምናስበው፤ አሁን ሕጉ ይከለክላል፣ መጀመሪያ ጠጠሩ ይንቀሳቀሳል። ሬቲንጉም፣ የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ፣ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ከ2000 በታች ያሉትን ከፍ ስላደረገ 1600 የነበረው 1760 ሆኗል። የድሮውን ቁጥር ይዞ ተጋጣሚን መመዘን አይበጅም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የጨዋታ ማብቂያ ጥናት ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ጊዜ ያጠረው ሰው መክፈቻውን ትቶ የሩክ (የግንቡ ጠጠር) ማብቂያዎችን ያጥና። ኮምቦልቻ ላይ በአንዱ ዙር አንድ አንድ ሩክ ቀርቶን ተጋጣሚዬ በአንድ ወታደር በለጠኝ። ፊሊዶር የሚባለውን መከላከያ ከተማሪው ጋር ደጋግመነው ስለነበር አልደነገጥኩም። ንጉሤ ከወታደሩ ፊት ቆሟል። ሩኬን ከኔ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጬ የተጋጣሚዬን ንጉሥ ከመግባት አገድኩት። ወታደሩን ወደዚያው ረድፍ ሲገፋው ሩኬን ወደ ማዶው ጫፍ ወስጄ ከኋላ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ! ወታደሩ ቀድሞት ስለሄደ ንጉሡ መጠለያ አጣ። አቻ ተለያየን። እንዲህ ያለ ግማሽ ነጥብ ለኔ ከማሸነፍ አያንስም።

ከደሴ ለምትሄዱ አንድ ነገር፦ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው። የደሴን ብርድ አስባችሁ የደረባችሁት ሹራብ እዚያ ያደክማችኋል። ማልዳችሁ ውረዱ፣ ውኃ ያዙ፣ ስልካችሁን አጥፉ፤ በጨዋታ መሃል ከጮኸ ሊያሸንፋችሁ የሚችለው ተጋጣሚ ሳይሆን ዳኛው ነው።

አሁን ከተማሪው ጋር የንጉሥና የወታደር ማብቂያዎችን ይዘናል። ለሚቀጥለው ውድድር እሱም ይመዘገባል።