መኪና የማያልፍበት እሑድ፦ ከሙርተን ወደ ሉማሜ

ስዊዘርላንድ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ለአገር ቤት ሰው ለማስረዳት ከተቸገርሁባቸው ነገሮች አንዱ፣ ደኅናውን አስፋልት ለመኪና ዘግተው ሕዝቡ በእግርና በብስክሌት የሚውልበት «ስሎው አፕ» የተባለው ቀን ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2000 በሙርተን ሐይቅ ዙሪያ ተካሄደ፤ አሁን በልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች በየዓመቱ ይደረጋል። ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የገጠር መንገድ እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ለሞተር ተሽከርካሪ ይዘጋል፤ ለመሳተፍ ምንም አይከፈልም።

የሙርተኑ መንገድ በአትክልት ማሳዎች መካከል ያልፋል፤ በአንዱ መንደር ጀርመንኛ የሚናገረው ሕዝብ ጥቂት እንደ ተጓዙ በፈረንሳይኛ ይተካል። ሽማግሌው በብስክሌት፣ ሕፃኑ በጋሪ፣ ወጣቱ ጎማ ባለው ጫማ ይጎርፋል፤ ገበሬዎቹም በየደጃፋቸው ጠረጴዛ ዘርግተው ቋሊማ እየጠበሱ ይሸጣሉ። ቀኑ በሚያዝያ ስለሆነ አንዳንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ እኛ ሐበሾች ያን ጊዜ ቆሎአችንን ይዘን እንጸናለን።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገደማ የተቀሰቀሰው ግጭት የጎጃምን መንገድ ደጋግሞ ከመዝጋቱ በፊት፣ ሉማሜ አቅራቢያ ካሉት ዘመዶቼ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ በቡና ላይ አወራሁላቸው። አጎቴ ብዙም አልገረማቸውም፤ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር መንገዱን ፈረስ እንደሚሞላው ዓይነት ነው ብለው ተረዱት። አክስቴ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ እኛ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን እስከ አስፋልቱ የምንሮጠው መኪና እናገኝ ብለን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ያላቸውን መኪና ከመንገድ ያስወጡታል?» አሉኝ።

ለአክስቴ ጥያቄ ከፊል መልስ ነበረኝ። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና እንዳይከለከሉ ይደረጋል፣ መንገዱ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ይነገራል፣ ባቡሩም እንደ ወትሮው ይሄዳል። የባቡሩ ነገር ዋናው ይመስለኛል፤ መኪናውን አንድ ቀን የሚተው ሰው ሌላ መጓጓዣ ያለው ሰው ነውና። ደግሞም ነገሩ በግዴታ ሲመጣ ስዊሶችም አይወዱትም። እ.ኤ.አ. በ1973 በነዳጅ ቀውሱ ምክንያት መንግሥት በሦስት እሑዶች መኪና እንዳይነዳ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ1978 በዓመት 12፣ በ2003 ደግሞ በዓመት 4 እሑዶች በመላ አገሪቱ ያለ መኪና እንዲውሉ ሐሳብ ቀርቦ ሕዝቡ ሁለቱንም በድምፅ ጣለው። አጎቴን ከሁሉ የበለጠ ደስ ያሰኛቸው ይህ ነው።

እኔ ለጎጃም የምመኘው ቀኑን ሙሉ የተዘጋ መንገድ አይደለም። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ በገበያ ቀን የሚያልፍ ሁሉ እንደሚያየው፣ እህል የተሸከመችው ሴትና አህያ የሚነዳው ልጅ ከአይሱዙ ጎን ለጎን በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳሉ። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ የተደለደለ የእግረኛና የጋሪ መንገድ ቢኖር፣ ይህም እስኪሠራ ድረስ ገበያተኛው በሚጎርፍበትና በሚመለስበት ሰዓት የጭነት መኪኖች ከከተማው መግቢያ ላይ ቢቆዩ በቂ ነው።

ይህን ስናገር የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው የአጎቴ ልጅ ተቆጣ፤ ጤፍ ጭኖ የዓባይን በረሃ በቀን ካላለፈ አዲስ አበባ በጊዜ እንደማይደርስ አስረዳ። አጎቴም «ሕዝቡ እስኪገባ ድረስ ቁጭ ብለህ ቡናህን ጠጣ፤ ጤፉ አይሸሽህም» አሉት። «ጤፉስ አይሸሽም፤ የማራገፊያ ተራዬን ማን ይይዝልኛል?» ሲል ግን ከመካከላችን መልስ ያገኘለት አልነበረም።