ሦስት የቀን መቀየሪያዎችና የዐድዋ ቀን

ደብረ ብርሃን ላይ በብርዱ ምክንያት ማታ ማታ ከቤት ስለማልወጣ፣ ላለፉት ስምንት ወራት አንድ አነስተኛ የክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ፣ ሳጸዳ ቆይቻለሁ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማርሁበትንና የመጀመሪያዎቹ እርማቶቼ ተቀባይነት ያጡበትን ጊዜ እዘልለዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው 34 የነበሩት ፈንክሽኖች (እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) ወደ 21 በመውረዳቸው ስለተደሰትሁ፣ ከዚያም በላይ ሦስቱ ስላሳፈሩኝ ነው።

ሦስቱም የፈረንጆችን ቀን ወደ እኛ ቀን ይቀይራሉ፤ ስማቸው ይመሳሰላል፤ አንዳቸውም ማብራሪያ የላቸውም። ትርፉን ለመለየት በኮዱ ውስጥ የሚጠሩበትን ቦታ በጊት ግሬፕ፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት የፍለጋ ትእዛዝ፣ ቆጠርሁ፤ አንደኛው በ11፣ ሁለተኛው በ2 ቦታ ብቻ ስለሚጠራ ሁለተኛውን ሰረዝሁት። ኮዱን የሚፈትሹት ቴስቶች በሙሉ አለፉ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተጠቃሚ፣ ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ መስከረም 1 ቀን 2016 እንደሚልበት ጻፈልን።

ያስቀረሁት ፈንክሽን መስከረም 1ን ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ላይ ይተክላል፤ ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ሲያልቅ ግን አዲሱ ዓመት የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። መንዝ ያሉት አያቴ በ2015 ላይ 5500 ደምረው፣ ለአራት አካፍለው፣ «ሦስት ተረፈ፤ ሉቃስ ነው» ለማለት ኮምፒውተር አያስፈልጋቸውም። ሁለቱን ፈንክሽኖች ከመስከረም 1 ቀን 2014 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ባሉት 1461 ቀናት ላይ ጎን ለጎን ሳስኬዳቸው በ366ቱ ተለያዩ፤ የተሳሳተው ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን ከዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነጥቆ ለዘመነ ዮሐንስ መጨረሻ ይሰጥ ነበር። ቴስቶቻችን ደግሞ ሁሉም የተጻፉት በ2014 እና በ2017 ቀኖች ነበር። ስለዚህ የጠሪዎችን ብዛት እንደ ማስረጃ መያዝን አሁን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የሚነግረን የትኛው እንደተለመደ እንጂ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይደለም።

የየመስመሩን ጸሐፊ ለመፈለግ የሚያገለግለውን ጊት ብሌምንም ብዙ አላምነውም፤ መስመሩን መጨረሻ የነካውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ክፍት ቦታ ያስተካከለው ሰው የኮዱ ጸሐፊ መስሎ ይመጣል። የምወደው ጊት ሎግን ከትልቁ «ኤስ» ጋር ነው፤ የፈንክሽኑ ስም የገባባቸውንና የወጣባቸውን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ለቅሞ ያወጣል፣ ታሪኩም በሙሉ ኮምፒውተሬ ላይ ስላለ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ይሠራል። የሰረዝሁት ፈንክሽን የገባበት ኮሚት መልእክት «የጳጉሜን ጉዳይ» ይላል። ይህን ያነበብሁት ከሰረዝሁት በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ይቅርታ ጠይቄ መለስሁ። ሦስተኛው በ1461ዱም ቀን ከእርሱ ጋር ስለተስማማ ደግሞ ሦስተኛውን ልሰርዝ ተነሣሁ። እጄን የያዘኝ የዐድዋ ቀን ነው። ማርች 1 ቀን 1896ን ስሰጣቸው ሁለተኛው የካቲት 22፣ ሦስተኛው የካቲት 23 ቀን 1888 አሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር 1900 ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረው፣ ከዚያ በፊት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል፤ ይህን ያሰበበት ሦስተኛው ብቻ ነው። ትርፉ ለካ ያ ይቅርታ የጠየቅሁበት ሁለተኛው ኖሯል! በዚህ ጊዜ ግን ወዲያው አልሰረዝሁትም፤ «ይህ ሊቀር ነው» የሚለውን ማስጠንቀቂያ፣ «ዴፕሪኬሽን ዋርኒንግ»ን፣ ፓይተን ከተራ ተጠቃሚ ስለሚደብቅ የማይደበቀውን «ፊውቸር ዋርኒንግ» አኑሬበታለሁ። ለሦስተኛው አራት መስመር ማብራሪያ ጽፌለታለሁ፤ ምሳሌው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው።