የአንግርን ታጣቢ ሴት ስቀዳ

የዘይት ቀለም አሳሳልን ለመማር የመረጥኩት መንገድ የቀደምት ሠዓሊ ሥራ መቅዳት ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን እንደ ስንፍና ያዩታል፤ ይሁን እንጂ በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደቀ መዝሙር የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ነው የሚያድገው። አራት ኪሎ በሚገኘው ክፍሌ የምቀዳው ፈረንሳዊው ዣን ኦጉስት ዶሚኒክ አንግር እ.ኤ.አ. በ1808 ሮም ሳለ የሣላትን፣ አሁን በሉቭር ሙዚየም ያለችውን ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ታጣቢ ሴት ነው። ዋናው ሥዕል 146 በ97 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የእኔ ሸራ ግማሹን ያህላል።

ፊት ያለበትን ሥዕል የሚቀዳ ጀማሪ ድካሙን ሁሉ መልክ በማመሳሰል ይጨርሳል፤ እዚህ ግን ያለው ሰፊ ጀርባ፣ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ጥምጥም፣ አረንጓዴ መጋረጃና አንሶላ ነው። በጀርባዋ ላይ ጥቁር የሚባል ጥላ የለም ማለት ይቻላል። የትከሻው ክብነትና የአከርካሪው ስርጉድ የሚታዩት እርስ በርሳቸው እጅግ በተቀራረቡ መካከለኛ ጥላዎች ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሁሉንም አምበር በሚባለው ቡናማ የአፈር ቀለምና በነጭ ብቻ፣ በተርፔንታይን አቅጥኖ መሥራት ይበጃል። አምበር በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ ምክንያት ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በላይ የሚመጣው ድርብ ከታችኛው የበለጠ ዘይት ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ላይኛው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ጋር በመዋሃድ ስለሚጠነክር በክረምቱ ብርድና እርጥበት ትዕግሥት ይፈታተናል።

የገላዋን ቀለም ለብቻው መዳኘት አይቻልም። በፓሌት (በቀለም መቀላቀያው ሰሌዳ) ላይ ቢጫማ የሚመስለው ቅልቅል ከአረንጓዴው መጋረጃ አጠገብ ሲቀመጥ ቀላ ይላል፤ ስለዚህ መጋረጃው ሳይሞላ ገላውን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

ስለ ብርሃን የአውሮፓ መጻሕፍት የሚሰጡት ምክር፣ ማለትም ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን የሰሜን መስኮት መምረጥ፣ ለአዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ከተማችን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። መስኮቴ ላይ ነጠላ ዘርግቼ ብርሃኑን አለዝበዋለሁ፤ ከገዛኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነው።

አሁን የቀረኝ በግራ ክርኗ ላይ የተጠመጠመው ነጭ ጨርቅ ነው፤ እጥፋቶቹ ጥርት ያለ ጠርዝ ስለሚፈልጉ የጀርባው ቀለም ጣት ላይ መያዙን ሳይተው አልጀምረውም።