ሠራተኛው ዝም ሲል

የሠራተኛ ሞራል ወረደ፣ አዲስ ሐሳብም ጠፋ ሲባል ለብዙ ኃላፊዎች ቶሎ የሚመጣላቸው ቦነስ ነው። ደመወዙ ራሱ የማይበቃ ወይም አድልዎ ያለበት ከሆነ እሱን ማስተካከል ይቅደም፤ ይህ አያከራክርም። አዲስ ሐሳብን ግን በየፍሬው እየከፈሉ መግዛት አይቻልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን እንቆቅልሽ አስፈታ፤ ከፊሎቹ ለአንድ ዙር ብቻ በፈቱት ልክ ተከፈላቸው። ክፍያው ሲቀር እነዚህኞቹ በትርፍ ደቂቃቸው እንቆቅልሹን ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ ከቀድሞው አነሰ።

ተመራማሪዋ ቴሬሳ አማቢሌና ባልደረቦቿ ደግሞ 238 ሠራተኞች በየዕለቱ የጻፏቸውን 12,000 ገደማ ማስታወሻዎች መርምረዋል። በሰዎቹ መልካም ቀኖች ላይ ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የተገኘው ትርጉም ባለው ሥራ ጥቂትም ቢሆን ፈቀቅ ማለት ነው። ስለዚህ የኃላፊ ዋና ሥራ እንቅፋት ማንሳት ነው፦ ሳይፈረም የከረመ ደብዳቤ፣ ያልተከፈተ የሲስተም ፈቃድ፣ ከሌላ ክፍል ያልመጣ መረጃ። ጠዋት ጠዋት «ሥራችሁን ምን ይዞባችኋል?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጠይቆ ዝም ማለት ግን ካለመጠየቅም ይብሳል።

ስብሰባ ላይ የተለመደው ስሕተት ኃላፊው የራሱን ሐሳብ ካቀረበ በኋላ «እስቲ እናንተስ?» ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የእሱው ሐሳብ ማሻሻያ ብቻ ይሆናል። እሱ ዝም ቢልም ችግሩ አያልቅም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ ያሰበው ይጠፋበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዲልና ሽትሮበም እ.ኤ.አ. በ1987 ተራ መጠበቅ የሚወጣውን ሐሳብ ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ ጥያቄው ከአንድ ቀን በፊት ይላክ፤ ጠበብ ያለም ይሁን። «አገልግሎታችንን እንዴት እናሻሽል?» ማንንም ለማሰብ አያነሣሣም፤ «ደንበኛው ቅጹን ለምን ሁለቴ ይሞላል?» ያነሣሣል። ስብሰባው ሲጀመር ሁሉም 10 ደቂቃ በዝምታ ይጻፍ፤ በአንድ ወረቀት አንድ ሐሳብ፣ ያለ ስም። ወረቀቶቹ ተደባልቀው ይነበቡ፤ ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይናገር።

ብዙ ሐሳብ የሚሞተው ግን ከስብሰባው በኋላ ነው። እያንዳንዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ያግኝ፦ እሺ፣ አይሆንም ከነምክንያቱ፣ ወይም እስከዚህ ቀን ይቆይ። «አይሆንም» የተባለ ሰው ምክንያቱ ከገባው ሌላ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ መልስ ያጣው አይመለስም። እሺ የተባለው ለሁለት ሳምንት በአንድ ቡድን ይሞከር፤ ምን እንደሚለካ አስቀድሞ ይጻፍ። ባለሐሳቡ ማንነቱን ለመግለጽ ከፈቀደ ራሱ ይምራው፣ ከመደበኛ ሥራው ግን ሰዓት ይቀነስለት። ያለዚያ ሐሳብ ማምጣት በሥራ ላይ ሥራ መጨመር ስለሚሆን በሚቀጥለው ጊዜ አፉን ይይዛል።

ሰው መናገር ሲጀምር የስሕተት ሪፖርትም ይበዛል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታሎች ባደረገችው ጥናት ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስሕተት አስመዝግበው የተገኙት ስለማይደብቁ እንደሆነ ደርሳበታለች። ይህን ቁጥር ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ መቀነሻ ማድረግ አይገባም። ስሕተት ሲነገርም የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው?» ሳይሆን «የቱ ጋ ተበላሸ?» ይሁን።