ሌሊት ስምንት ሰዓት የሚመጣው ሳል

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። የነገውን ሊጥ የማቦካው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዱቄቱ ሲራገፍ በደቂቃዎች ውስጥ ደረቴ ያፏጫል። ሳልቡታሞል የሚባለውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ፓፍ፣ ስወስድ ይለቀኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን የባሰው መጥቶ ያንቀኛል። የጦሳ ተራራ ብርድ ነው እያልኩ ጋቢ እደርብ ነበር።

ብርዱ አልነበረም፤ የዱቄት አለርጂ ያመጣብኝ አስም ነው። አለርጂ ሳንባን ሁለት ጊዜ ይመታል። መጀመሪያ ሂስታሚንና መሰሎቹ ኬሚካሎች ሰውነት ውስጥ ይለቀቁና የአየር ቧንቧው ጡንቻ ይኮማተራል። ሳልቡታሞል የሚያላላው ይሄንን ነው። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ። ቧንቧው ከውስጥ ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል። እብጠቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ ነው።

ሐኪሙ ቤክሎሜታሶን የሚባል የሚሳብ ስቴሮይድ አዞልኝ ነበር። ስታፈን ሳብኩት፣ ምንም አልተሰማኝም፣ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። በኋላ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የግፊት ኪኒን ራስዎን ሲያምዎት ብቻ ነው እንዴ የሚውጡት?» አለችኝ። ስቴሮይድ ሴል ውስጥ ገብቶ እብጠት የሚያመጡትን ጂኖች ያዘጋል። ይሄ ሰዓታት ይፈልጋል። አስቀድሞ የተወሰደ አንድ መጠን የሌሊቱን ሊያስቀር ይችላል፤ የመጀመሪያውን ግን እምብዛም አይነካውም። ሁለቱም የሚቀንሱት በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ነው።

ጠዋትና ማታ ጀመርኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ሲነጋ ባለቤቴ ደንግጣ ቀሰቀሰችኝ።

«ስቴሮይድ ፊት ያሳብጣል» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ያ በብዛት የሚታየው ኪኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲዋጥ ነው። ኪኒኑ በሚሊግራም፣ የሚሳበው በማይክሮግራም ነው የሚለካው። እኔን የገጠመኝ አፌ ውስጥ ነጭ ነገር መውጣቱ ነው፤ ፈንገስ ነው አሉኝ። አሁን ከሳብኩ በኋላ ተጉመጥምጬ እተፋለሁ። የስቴሮይዱን ፓፍም የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጥ ላይ በልኩ ቀዳዳ አበጅቼ በአፉ በኩል እስበዋለሁ። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከመቅረት ይድናል።

መድኃኒት አለኝ ብዬ ግን ዱቄት አልደፍርም። ጆንያውን ዝቅ አድርገን እንገለብጣለን፤ ወለሉን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ እናጸዳለን።

አብሮኝ የሚያቦካው ልጅ ሰሞኑን ሌሊት ያስለው ጀምሯል። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ስምንት አካባቢ» አለኝ። ነገ ጠዋት አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።